«ፎንት ጫንበት» ብሎ ነገር ይብቃን

ባለፈው አንዲት እናት ላፕቶፓቸውን አቅፈው ሱቄ መጡ። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው የሰርጓን ፎቶ ከማክ ኮምፒውተሯ ላይ ዚፕ አድርጋ፣ ማለት ብዙውን ፋይል በአንድ ጠቅልላ፣ ልካላቸዋለች። እሳቸው ጋ ያለው ዊንዶውስ ነው። ሲከፍቱት «ሽምግልና»፣ «ቅልቅል»፣ «መልስ» የተባሉት ፎልደሮች በሙሉ ዝባዝንኬ ሆነው ቁጭ ብለዋል። የጎረቤት ልጅ ፎንት ጫነ፤ አልሆነም። ከዚያ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። «ቫይረስ ነው» ብለው ፎርማት አደረጉላቸው፣ ሒሳብም ተቀበሉ። ፋይሉን እንደገና አውርደው ሲከፍቱት ያው ዝባዝንኬ። ላፕቶፑ ላይ የነበረው የቤተሰብ ፎቶ ግን ከፎርማቱ ጋር ሄዷል።

የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር እኮ!

«ፎንት ስለሌለ ነው» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ፣ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ሳይለመድ፣ በእነ ፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ውስጡ የላቲን ኮድ ነበር። የግዕዝ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ይዘባረቃል፣ ስትጭኑት ይስተካከላል። ለዚያ በሽታ ትክክለኛ መድኃኒት ነበር። የዚፕ በሽታ ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ፎንት አብሮት ይመጣል፣ ድሮ ኒያላ ነበር፣ አሁን ኢብሪማ ነው፤ ምን ልትጭኑበት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዚፕ የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የፋይል ስም የሚጻፈው ኮድ ፔጅ 437 በሚባል የአይቢኤም ሰንጠረዥ ነበር። 256 ቦታ ብቻ፤ ለእኛ ፊደል አንድም አልተረፈም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዚፕ ደግሞ «ይህ ስም በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) ተጽፏል» የሚል ምልክት ያገኘው በ2006። የማክ የራሱ ዚፕ ማድረጊያ ስሙን በዩቲኤፍ 8 ይጽፍና ብዙ ጊዜ ምልክቷን ሳያደርግ ይተወዋል። ዊንዶውስም ምልክት ካላየ በድሮው ሰንጠረዥ ያነባል። አንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ የድሮው ሰንጠረዥ ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ስለሚያነብ፣ አራት ፊደል ያለው «ቅልቅል» አሥራ ሁለት እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

መለያውም ቀላል ነው። ትልቁን ቢ የምትመስለው የጀርመኖች ድርብ ኤስ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች፣ ስሙ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ተነቧል። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታያችሁ ያኔ ስለ ፎንት እናወራለን።

መፍትሔው፦ ዚፑን ዊንራር በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ኔም ኢንኮዲንግ የሚለውን ዩቲኤፍ 8 አድርጉት፣ ከዚያ ኤክስትራክት አድርጉ። አለቀ። ላኪዎች ደግሞ፣ ማክ ላይ ኬካ የሚባለውን የመጠቅለያ ፕሮግራም ጭናችሁ በሰቨን ዚፕ ፎርማት ላኩ፤ እሱ ስም የሚይዘው በዩኒኮድ ብቻ ነው፣ ምልክት ምናምን አያስፈልገውም። ተቀባዩ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ከሌለው ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን አለበት፣ ነፃ ነው። «በእንግሊዝኛ ሰይሙትና ተገላገሉ» የሚሉ አሉ። ይሠራል፣ አልክድም። ግን እናት የልጇን የሰርግ ፎቶ በገዛ ቋንቋዋ ብትፈልግ ምን ነውር አለው?

ሌሎቹን የተሳሳቱ ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ማክ ኦኤስ ኤክስ» የሚል ስም ያለው፣ ከፊቱ ሁለት የታች ሰረዝ ያለበት ፎልደር ቫይረስ አይደለም። ማክ ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ብታጠፉት ምንም አይጎድልባችሁም።

ራር እንደ ዚፕ ያለ ሌላ መጠቅለያ ነው፤ በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ራር የሚለውን ቅጥያ ዚፕ ብላችሁ መቀየር ፋይሉን ዚፕ አያደርገውም። ስሙን ነው የቀየራችሁት። ዊንዶውስ 11 ከ2023 ወዲህ ራርን ራሱ ይከፍታል፣ ዊንዶውስ 10 ግን ፕሮግራም ይፈልጋል።

«ቴሌግራም አበላሸው» ይባላል። ቴሌግራም የሚያሳንሰው በፎቶ መልክ የተላከውን ነው፤ ፋይል ተብሎ የተላከ ዚፕ እንዳለ ነው የሚደርሰው። አልከፈት ካለ አውርዳችሁ መጨረሳችሁን እዩ።

«ከሊኑክስ የመጣው ዚፕ ፋይል ጎደለው» ያለኝ ልጅ ነበር። ሊኑክስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፉ ሁለት ስሞችን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሲወጣ አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎበታል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው እዚህ ላይ እንኳን ዕድለኞች ነን።

«ፓስዎርዱ ስህተት ነው» ብላችሁ ከላኪው ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉን በሰቨን ዚፕ ሞክሩት። ኤኢኤስ በሚባለው ጠንካራ የመቆለፊያ ዘዴ የተቆለፈ ዚፕን የዊንዶውስ የራሱ መክፈቻ በብዙ ኮምፒውተር ላይ አይችለውም፤ ችግሩን ግን በግልጽ አይነግራችሁም። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድ ደንበኛዬን «በደንብ አስታውስ እንጂ!» እያልኩ ሳደርቀው ውዬ ነው ያወቅኩት።