በባንክ የክረምት ልምምድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ የሒሳብ አያያዝ፣ የፋይናንስና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤያቸውን ይዘው በደሴና በኮምቦልቻ የባንክ ቅርንጫፎች በር ላይ ይታያሉ። እኔም ክረምቱን ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ አሳልፌያለሁ። ከመግባቴ በፊት ቀድመውኝ ከወጡ ተማሪዎች የሰማሁት ምክር አብዛኛው ቅርንጫፉ ውስጥ ካየሁት ጋር አልገጠመም። ከዚህ በታች የማነሣው እንዲህ ያለውን፣ ተደጋግሞ የሚነገረውን ነው።

«ሲስተም ካልከፈቱልህ የምትማረው ነገር የለም»

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ተማሪው ዓመታት ስለ ሒሳብ መዝገብ ተምሮ መጥቶ ወረቀት ሲያደራጅ ሲውል የተናቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሲስተም ወደሚባለው የባንኩ የኮምፒውተር መዝገብ የሚያስገባው የይለፍ ቃል የሰው ፊርማ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ገቢና ወጪ የመዘገበው ሠራተኛ ስም ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በአንድ ኦፊሰር የይለፍ ቃል ተማሪ ገብቶ ቢሳሳት ተጠያቂው ኦፊሰሩ ነው። ከዚህም ሌላ መዝጋቢውና አጽዳቂው አንድ ሰው እንዳይሆኑ ሥርዓቱ ይከለክላል። ካዝናውም ቢሆን ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ካልተገናኙ አይከፈትም። ስለ ውስጥ ቁጥጥር በክፍል ውስጥ የተማርነው ምዕራፍ በተግባር ሲታይ ይህ ነው፤ ተማሪው ከሲስተም መከልከሉ ራሱ የምዕራፉ አካል ነው።

ደግሞም የተናቀው ወረቀት ብዙ ይናገራል። ማታ ደንበኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ገንዘብ ከፋዩ በእጁ ያለውን ብር በየዓይነቱ፣ መቶ መቶውን እያሰረ ይቆጥራል፤ ድምሩ ሲስተሙ ከሚያሳየው ጋር እኩል መሆን አለበት። ጉድለት ከተገኘ የቀኑ ቲኬቶች፣ ማለትም የገቢና የወጪ ቅጾች፣ አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። አንድ ምሽት የተፈጠረው ልዩነት 900 ብር ነበር። ልምድ ያላት ኦፊሰር ቁጥሩን አይታ «ለ9 ይካፈላል፤ አሃዝ ተገላብጦ ይሆናል» አለችና ቲኬቶቹን እንድፈልግ ሰጠችኝ፤ እውነትም 3,200 ተብሎ መመዝገብ የነበረበት ወጪ 2,300 ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ሁለት ተከታታይ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 እንደሚካፈል መጽሐፉ ውስጥ አንብቤ ነበር፤ ሰው ጉድለቱን ከኪሱ ሊከፍል ሲል ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ትርፍ መገኘቱም ደስታ አይደለም፤ የአንድ ደንበኛ ገንዘብ ያላግባብ ቀርቷል ማለት ስለሆነ እሱም ተመዝግቦ ባለቤቱ ይፈለጋል።

«የሚረባ ልምምድ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው»

በዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ የሚሠሩ ሥራዎች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ደሴ ለባንክ አዲስ አይደለችም፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ነበረች፣ በ1923 ዓ.ም. የተካው የኢትዮጵያ ባንክም እዚያው ቀጥሏል። ኮምቦልቻ ደግሞ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ ነባር ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ስላሉባት የአስመጪና የላኪ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አታጣም። በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ በሚሆንበት ግብይት፣ ባንኩ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን፣ ሰነዱን ለመመርመርም ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት እንዳሉት ዓለም አቀፉ ደንብ ይናገራል፤ በደረሰኙና በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ያለ ትንሽ አለመጣጣም ክፍያ እንዴት እንደሚያዘገይ ለመረዳት ከኮምቦልቻ የተሻለ ቦታ በብዙ አዲስ አበባ ቅርንጫፎችም አይገኝም ባይ ነኝ።

«ከወለድ ነፃ ማለት ስሙ የተቀየረ ወለድ ነው»

ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ጥያቄ የማይሰማ ተለማማጅ የለም፤ የሚጠይቁትም አንዳንዴ ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሆኖ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ነባሮቹ ባንኮች በተለየ መስኮት አገልግሎቱን ይሰጡ ነበር። ልዩነቱን ለማየት ሙራባሃ የሚባለውን ትርፍ ተገልጾበት የሚፈጸም ሽያጭ አንድ ፋይል ቅደም ተከተል መከታተል ይበቃል። ነጋዴው የእህል ወፍጮ ይፈልጋል እንበል። ባንኩ ገንዘብ አያበድረውም፤ ወፍጮውን ከሻጩ ራሱ ይገዛል፣ የራሱ ካደረገው በኋላ የገዛበትንና የሚጨምረውን ትርፍ ለነጋዴው ገልጾ በዱቤ ይሸጥለታል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ባንኩ የገዛበት ሰነድ ቀን ከሽያጭ ውሉ ቀን መቅደም አለበት፤ ከተገላበጠ ባንኩ የሌለውን ዕቃ ሸጧል ማለት ነው፣ ውሉም መሠረት ያጣል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላም ጊዜው ቢገፋ አይጨምርም። ወርኃዊ ክፍያው ከወለዱ ብድር ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ባንኩ ግን ዕቃው የእሱ በሆነበት ጊዜ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ኪሳራው የእሱ ነው፣ ወለድ የሚያስከፍል አበዳሪ ይህን አይሸከምም።

«ብድር የሚሰጠውም የሚነፍገውም ሥራ አስኪያጁ ነው»

ሰው ሲከለከል ቶሎ የሚመጣለት «አልወደደኝም» የሚለው ነው። ቅርንጫፉ ማመልከቻውን ተቀብሎ ያጠናል፣ አስተያየቱንም ይጽፋል፤ ከሥልጣኑ ጣሪያ በላይ የሆነው ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ በብድር ኮሚቴም ይታያል። የአመልካቹ የቀድሞ ብድር ሁኔታ ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይጣራል። ከዚህም ባሻገር በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የብድር ክምችቱ 10 ቢሊዮን ብር የሆነ ባንክ በ14 በመቶ ገደብ በዓመት ሊጨምር ይችል የነበረው 1.4 ቢሊዮን ብቻ ነበር፤ ያ ካለቀ በኋላ የመጣ አመልካች መያዣው ቢያምርም መጠበቁ አይቀርም ነበር። አድልዎ የለም ማለቴ አይደለም። ግን እያንዳንዱን «አይሆንም» በአድልዎ መተርጎም የሚያስተምር ልምምድ ከንቱ ነው።

«የተለማመድኩበት ባንክ ይቀጥረኛል»

አይቀጥርም፤ ቢያንስ በልምምዱ ምክንያት ብቻ አይቀጥርም። ቅጥር በአብዛኛው በማስታወቂያና በፈተና፣ ከቅርንጫፉ በላይ ባለ የሰው ሀብት ክፍል ይፈጸማል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢወዱህ እንኳ የሚሰጡህ ጥሩ የምዘና ቅጽ ነው። ይልቅ አንዳንዶች መጥፎ ስም የሚያተርፉት በሪፖርታቸው ነው። የደንበኛን ስም፣ የሒሳብ ቁጥር ወይም የተሞላ ሰነድ ፎቶ በሪፖርት ማስገባት የባንክ ሚስጥር ማውጣት ነው፤ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ባዶ ቅጽ ብቻ ስለሆነ እሱን ቀደም ብሎ ከኦፊሰሩ መጠየቅ፣ በላዩም ፈጠራ በሆነ ስምና ቁጥር መሙላት ይቻላል።