የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያዎች፦ ከለገሀር እስከ ፉሪ-ለቡ

ለገሀር የሚለው ስም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የድሮው ባቡር ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም የታክሲ ረዳቶች እስከ ዛሬ «ለገሀር! ለገሀር!» እያሉ ይጣራሉ።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት የጀመረው ሀዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በቅሎና ግመል ሳምንታት ይፈጁበት የነበረው የጠረፍ ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር።

ዛሬ የምናየው የለገሀር ሕንፃ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል፤ ከአደባባዩ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ደግሞ የቸርችል ጎዳና ነው። ሐውልቱን የጣልያን ወራሪዎች ነቅለው ሮም ወስደውት ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነበር። ለእኔ ከአዲስ አበባ ሕንፃዎች መካከል ይህን ያህል የአገር ታሪክ በደጁ ያለፈበት ጥቂት ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው ሰፊ የለገሀር ግንባታ አካባቢውን ሲለውጥ፣ አሮጌው ጣቢያ እንዲጠበቅ መታሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው መስመር ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ሁለተኛው መስመር ሁለት ወር ሳይሞላው ተከተለ። ሁለቱም ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። መስመሮቹ የሚገናኙት ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ ላይ ነው፤ በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች ሁለቱም በአንድ ሀዲድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ወደ ስታዲየም የሚጠብቅ ሰው በመጣው ሁሉ አይገባም። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ ብሎ ያያል፤ ከስታዲየም በኋላ አረንጓዴው ወደ አያት፣ ሰማያዊው ወደ ቃሊቲ ይታጠፋልና። በሥራ መውጫ ሰዓት ይህን ሳያጣራ ተገፍቶ የገባ ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው መስቀል አደባባይን ካለፈ በኋላ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። መነሻው ሰበታ ነው። የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ካለው ፉሪ-ለቡ ሲሆን ጭነቱ በእንዶዴና በሞጆ በኩል ያልፋል። ሀዲዱ 1.435 ሜትር ስፋት ስላለው የድሮው ባቡር ፉርጎ ሊሄድበት አይችልም፤ ለገሀርም ከጅቡቲ መስመር ውጪ ሆነ።

ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ባቡሩም እንደ አዲሱ ባቡር ስፋቱ 1.435 ሜትር ቢሆንም ለቡ አይደርስም። ከድሬዳዋ ሻንጣና ጆንያ ይዞ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው እንደወጣ የሚጠብቀው ሚኒባስ ወይም የኮንትራት ታክሲ ነው። የድሮው ባቡር መንገደኛውን ለገሀር፣ መሀል ከተማ ያወርደው ነበር፤ የዛሬው ተሳፋሪ እዚያው ለመድረስ ሌላ ሂሳብና ሌላ ሰዓት ይከፍላል።