ተጠባባቂ ኳርተርባክን በድራፍት ምርጫ መለወጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካን ፉትቦል የምትከታተሉ ሁሉ ይህን ክርክር ታውቁታላችሁ። ጥሩ ተጠባባቂ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውርና ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) ያለው ቡድን ልጁን በድራፍት ምርጫ ይለውጠው ወይስ ይያዘው? ብዙ ሰው ቶሎ «ይሸጥ» ይላል። እኔ ግን ቡድኖች ተጠባባቂያቸውን ቸኩለው ይለቃሉ ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እንደ እግር ኳሱ በገንዘብ ነው የሚሸጠው»

አይደለም። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ሻጩ ቡድን የዝውውር ሂሳብ አይቀበልም። የሚያገኘው ሌላ ተጫዋች ወይም የድራፍት ምርጫ ነው። ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ 7 ዙር አለው፤ የቀደመው ዙር ዋጋው ይበልጣል። ምርጫ ማለት ከኮሌጅ ከሚመጡት ወጣቶች ተራህ ሲደርስ አንዱን የመውሰድ መብት ነው። የተመረጠው ልጅ ይሳካለት አይሳካለት በዚያ ቀን ማንም አያውቅም።

«ዋጋውን የሚወስነው ችሎታው ነው»

የቀረው የኮንትራት ዕድሜም እኩል ይወስናል። ተጠባባቂ የነበረውን ጂሚ ጋሮፖሎን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በ2014 በሁለተኛው ዙር መረጡት። በኦክቶበር 2017 ለሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የሰጡትም በአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው። ለምን ረከሰ? ኮንትራቱ በዚያው የውድድር ዘመን ያልቅ ነበር። ልጁ በአዲሱ ቡድን የጀመራቸውን 5 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በ2019 የውድድር ዘመን ደግሞ ቡድኑን ይዞ ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ደረሰ።

«አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ይሠራል?»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። አትላንታ ፋልከንስ በማርች 2007 ተጠባባቂያቸውን ማት ሾብን ለሂውስተን ቴክሳንስ ሰጡ። በምላሹ ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫ አገኙ፤ በመጀመሪያው ዙርም ከ10ኛ ወደ 8ኛ ከፍ አሉ። በወረቀት ላይ አሪፍ ስምምነት ነበር፤ ማይክል ቪክን የመሰለ ኮከብ ኳርተርባክ አላቸዋ! ግን ወራት ሳይቆዩ ቪክ ውሻ በማፋለም ወንጀል ተከሰሰ፣ ታገደም። በዚያ የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። አትላንታ ሦስት ኳርተርባክ እያፈራረቀ 4 አሸንፎ በ12 ተሸነፈ። ሾብ ደግሞ በ2009 በውርወራ ባስገኘው 4,770 ያርድ (የርቀት መለኪያ) ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ቪክ ላይ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ልክ ነው። ተጠባባቂ የሚያዘው ግን የማይታወቀው ነገር ለሚመጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ምርጫዎቹን ስትቆጥር የሚቀርልህ ሰው ማን እንደሆነም ቁጠር።

«ጥቂት ጨዋታ ካሸነፈ ዋና ተጫዋች ሆኗል»

የገዢዎች ስህተት ይህ ነው። አሪዞና ካርዲናልስ በ2011 የፊላደልፊያ ኢግልሱን ተጠባባቂ ኬቨን ኮልብን ለማግኘት ተጫዋቻቸውን ዶሚኒክ ሮጀርስ ክሮማርቲንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈሉ። ኮልብ በጉዳት ተመታ፤ በ2013 አሰናበቱት።

«ካልሸጡት በነፃ ይሄዳል»

ሁልጊዜ አይደለም። ኒክ ፎልስ ፊላደልፊያ ኢግልስን የ2017ቱን የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል አሸናፊ ካደረገ በኋላ ቡድኑ አልሸጠውም። በ2018 ዋናው ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ እንደገና ሲጎዳ ፎልስ ቡድኑን ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) አስገባ። በ2019 ነፃ ተጫዋች (ኮንትራት የማያስረው) ሆኖ ወደ ጃክሰንቪል ሄደ። ሊጉ ደግሞ ለኢግልስ በ2020 ድራፍት የሦስተኛ ዙር ማካካሻ ምርጫ ሰጣቸው። ይህ ማካካሻ ግን የሚሰላው ቡድኑ ያጣቸውንና ያስፈረማቸውን ነፃ ተጫዋቾች አመዛዝኖ ነው። በዚያው የዝውውር ወቅት ውድ ነፃ ተጫዋች ያስፈረመ ቡድን ምርጫውን ሊያጣው ይችላል።