ጭብጥና ገጸ ባሕርይ፦ ልብ ወለድና ግጥም ሲተነተን

የሥነ ጽሑፍ ትንተና አንድን ድርሰት ፈታቶ ምን እንደሚል፣ እንዴትስ እንደሚለው መመርመር ነው። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ የተማረ ሰው ዝርዝሩን አይረሳውም፤ ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ መቼት፣ ግጭት፣ አንጻር። ዝርዝሩን መሸምደድና መተንተን ግን ለየቅል ናቸው። ከሁሉም የሚያስቸግሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ጽሑፍን መበርበር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ይለያል። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምሩበታል። ልብ ወለድ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ነው። ከእሱ ጋር «ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ?» የሚል ጥያቄም መጣ። የገጸ ባሕርይ ትንተና ከዚህች ጥያቄ ብዙም አይርቅም።

ጭብጥ ብዙ ጊዜ ከርዕሰ ጉዳይ ጋር ይምታታል። «ፍቅር» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጡ ድርሰቱ ስለ ፍቅር የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ በአንድ ቃል አያልቅም፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል። ከምክር ጋር የሚያምታታውም ሞልቷል። በተረት ስላደግን መሰለኝ፣ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው» ብሎ መደምደም ይቀናናል። ደራሲው ግን ሊመክረን ላይፈልግ ይችላል። ጭብጡ ያለው ሰዎቹ በሚያደርጉትና በሚደርስባቸው ነገር ውስጥ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንያዝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በጎጃም የባላባት ዘመን የሆነ ታሪክ ነው። የድሃ ልጁ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ ይዋደዳሉ፤ አይሆንላቸውም። የተለመደው ትንተና «የመደብ ልዩነት ፍቅርን ይገድላል» ይልና እዚያ ላይ ይቆማል። አልተሳሳተም፣ ግን የመጽሐፉን ግማሽ ይተወዋል። የበዛብህን ልጅነት እንይ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታል። ስለቱን ሲሳሉ እሱ ምንም አያውቅም። አድጎ ልቡ ወደ ሰብለ ሲያዘነብል ከፊታውራሪ በፊት የሚያስፈራው ያ ስለት ነው። ሰብለን ደግሞ ለትዳር የሚጠይቃት ሁሉ በአባቷ ዘንድ በዘር እየተመዘነ ይመለሳል፤ ዕድሜዋ ይሄዳል። ሁለቱም የወላጅ ዕዳ ከፋዮች ናቸው፤ አንዱ የስለት፣ አንዷ የዘር ኩራት። እንደኔ የመጽሐፉ ጭብጥ እዚህ ነው ያለው፤ መደቡም በዚህ በኩል ነው የሚገባው።

ገጸ ባሕርይ የሚታወቀው ደራሲው በቀጥታ ሲገልጸው፣ ራሱ ሲናገር፣ ሲያደርግ፣ ሌሎች ሲያሙት ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በዚያው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ካሣ ዳምጤን አገሬው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ሥርዓቱን ፊት ለፊት የሚተች፣ ያገሩ ልማድ የማያስረው ሰው ነው፤ ስለዚህ እብድ ተባለ። ቅጽሉን ተከትሎ «ካሣ እንግዳ ጠባይ ያለው ሰው ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የአገሬውን ሐሜት ነው የገለበጠው። ተንታኙ ማየት ያለበት ማን ጉድ እንዳለው ነው። ብዙ ሰው ካሣን የሚያውቀው ከገጹ በፊት በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ስለሆነ ድምፁም አብሮ ይመጣበታል። ደስ ይላል፣ ግን ትንተና ላይ ያንን ድምፅ ዝም አሰኝቶ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ለውጥም መከታተል አለበት። ፊታውራሪ ከባላገሩ ጋር ተጣልተው ጦርነት ይገጥማሉ፣ ይማረካሉም፤ ኩራታቸው ግን ያው ነው። ሰብለ ትለወጣለች። ከአባቷ ግቢ ወጥታ የማታውቅ ወይዘሮ መነኩሴ መስላ መንገድ ትገባለች። በዛብህን የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቆርጦ የሚነሳው ሰው እሷ ነች።

አንጻር፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ የገጸ ባሕርይን ስፋት ይወስናል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የሚተረከው በጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አንደበት ነው። አስመራን፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻን፣ ፍቅረኛውን ፊያሜታንም የምናየው እሱ ባየው መጠን ነው። ፊያሜታ «ምን አሰበች?» ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ የፀጋዬን ዓይን መመዘን ግድ ነው። የዚህ መጽሐፍ አንባቢ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለበት። «ይሄ ባለሥልጣን እገሌ ነው» ብሎ ይጀምራል። መጽሐፉ ታግዶ፣ ደራሲው ከሥራ ተባረው፣ በ1976 ዓ.ም. የገቡበት ሳይታወቅ ስለቀሩ ነገሩ ይገባኛል። ቢሆንም እውነተኛውን ሰው መገመት ታሪክ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ግን በገጾቹ መካከል ብቻ ነው የሚኖረው።

አጭር ልብ ወለድ ላይ ሥራው ይጠባል። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚለወጡበትም ጊዜ የለም። ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ታደሰ ሊበን ናቸው። እዚህ የሚፈለገው የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ነገሩ የተገለበጠባት አንዲት ቅጽበት ናት።

በግጥም የሚጠየቀው ተናጋሪው ነው። ግጥሙ «እኔ» ስላለ ገጣሚው ነው ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲያጠፉ የተገጠመውን የሕዝብ ግጥም እንውሰድ። አልቃሹ አፋፉ ላይ ጩኸት እንደበረከተ ይነግረናል። የሞቱትን ሴቶች ቁጥር አላውቅም ይልና፣ ወንድ ግን የሞተው አንድ ነው ይላል። የንጉሡ ስም የለም። ጀግንነት የሚል ቃል የለም። ላይ ላዩን ሬሳ ቆጠራ ነው። ግን መቅደላ ላይ የወደቀው ወታደር ብዙ ነበር፤ አልቃሹ ሁሉንም ከወንድ ቁጥር አውጥቷቸዋል። ጭብጡ የተደበቀው በዚህ የተዛባ ቆጠራ ውስጥ ነው። ንጉሡን ሲያወድስ፣ እጅ የሰጠውንና የሸሸውን በዚያው ትንፋሽ ይሰድባል።