አጨብጭቡና ስሙት

ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየሜን ቁልፍ በተረከብኩ ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ሳሎኑ መሃል ቆሞ ማጨብጨብ ነው። ጎረቤቴ የደስታ መስሏት እልል አለች። እኔ ክፍሉን እያዳመጥኩ ነበር። ሥራዬ ለኦግመንትድ ሪያሊቲ (በስልክ ወይም በመነጽር፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ የሌለ ነገር ለሚጨምር ቴክኖሎጂ) ድምፅ ማዘጋጀት ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ የሌለ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ የሚያወራ እንዲመስል ማድረግ።

«ትንሽ ኤኮ ጨመር ነው፣ አለቀ» ይሉኛል። አላለቀም። ገደል ማሚቶ ዘግይቶ፣ ለብቻው ተለይቶ የሚሰማ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ከጣሪያው እየተላተመ፣ እየተደራረበ ይከስማል። በ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እስኪወርድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የምናሰላበትን ቀመር የሰጠን የሃርቫርዱ የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በጀመረው ሥራ የወንበር ትራሶችን አዳራሽ ውስጥ እያስገባና እያስወጣ ለካ። የኔ ሳሎን 4 በ3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ነው። ባዶ ልስንና ሊሾ የሚደርስባቸውን ድምፅ 3 በመቶ ብቻ ይውጣሉ ካልን፣ በሳቢን ቀመር 3 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ሶፋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ሲገባ ወደ ግማሽ ሰከንድ ሊወርድ ይችላል። በባዶው ቤት ድምፁን ያስተካከልኩለት የሌለው ሰውዬ ሶፋው ከገባ በኋላ ሮቶ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለ። ለካ የተቀየረው ቤቱ ነው፤ እሱ እዚያው ቀርቷል።

«ዋናው ግራና ቀኝ መለየቱ ነው» የሚሉም አሉ። እሱ አቅጣጫን ይነግራል። ርቀትን በአብዛኛው የሚነግረን በቀጥታ የመጣውና ተላትሞ የመጣው ድምፅ ምጣኔ ነው። የተላተመው ከሌለ ሰውዬው ጥግ ላይ መቆሙ ይቀርና ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይገባል።

«ታዲያ እያንዳንዱን ነጸብራቅ፣ ማለትም ተላትሞ የሚመለስ ድምፅ፣ ማስላት ስልክ ይችላል?» አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ነጸብራቆች ግድግዳውን እንደ መስታወት ቆጥሮ በትክክል ማስላት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭራ ጆሮ አንድ በአንድ አይለየውም፤ በግምት ቢሠራም ያምናል።

ከፍታችንን ጠቅሶ «እዚህ ድምፅ ይዘገያል» ያለኝም አለ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም። በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፣ እዚህም ጅቡቲም።

ድምፅ እንዲውጥልኝ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ያላችሁ ደግሞ ተዉት። ስስ ነው፤ ጎርናናውን ድምፅ አይነካውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ብትሰቅሉ ይሻላል።