የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በሰሜን ሸዋ መጠለያዎች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች መጠጊያ ያጡ አረጋውያንን፣ የአእምሮ ሕሙማንንና የጎዳና ተዳዳሪዎችን በሚያስጠልሉ ማዕከላት ከሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች መካከል የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የጽዋ ማኅበርተኞችና የግቢ ጉባኤ (በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት መንፈሳዊ ጉባኤ) ተማሪዎች ይገኙበታል። አገልግሎቱ አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው፤ ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት ለዕለት ማዕድ ነበር፤ የሰንበቴ ማኅበርተኞችም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ይዘው ሲሰበሰቡ ለነዳያን ድርሻ ያወጣሉ። ልዩነቱ፣ ቀድሞ ነዳዩ ወደ ማኅበሩ ይመጣ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ማኅበሩ ከአልጋው መነሣት ወደማይችለው ሰው መሄዱ ነው። ይህን ልማድ በአገሪቱ ካስፋፉት ተቋማት አንዱ ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሲሆን፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑም በብዙዎች አፍ ገብቷል።

ዞኑ ችግረኛ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደሴ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ደግሞ ከሩቅ አገር ሕሙማን የሚመጡባቸው ጠበሎች በመሆናቸው፣ ስንቁ አልቆበት ወይም አስታማሚው ትቶት ሄዶ በዚያው የሚቀር አይጠፋም። ከወለጋ የተፈናቀሉና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከቤታቸው የወጡ ወገኖችም በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ከምግብ እኩል የሚፈለገው ብርድ ልብስ ነው። የመንዝ ባና ለሙቀት አቻ ባይኖረውም ለማጠብና ለማድረቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል ሕመምተኛ ቶሎ የሚደርቅ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ይሻላል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ከባዱ፣ በእኔ ግምት ግን ዋናው፣ ገላ ማጠብ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ውኃ በበርሜል ይሞቃል፤ ወንዶቹን ወንዶች፣ ሴቶቹን ሴቶች ያጥባሉ፤ ፀጉር ይላጫል፤ ለዓመታት ያደገ የእግር ጥፍር ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ ይቆረጣል፤ ቅማል ያለበት ልብስም ይቀቀላል። ማብላትም የራሱ ብልሃት አለው። መዋጥ የሚከብደውን ሰው ቀና አድርጎ አስቀምጦ አጥሚቱን በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት እንጂ ትልቅ ጉርሻ ማጉረስ ለትንታ ይዳርጋል። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ቢሆንም ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ፤ በጎ ፈቃደኞቹ ቢለምኗቸው አይሰሙም፣ ካህን መጥቶ ሲፈቅድላቸው ግን ይበላሉ። ዘመድ የሌለው ሲሞትም መግነዝ ገዝቶ፣ ፍትሐት አስደርሶ የሚቀብረው ማኅበሩ ነው፤ የጎዳና ሰው ዕድር የለውምና።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ልግስናው የበዓላትን ቀን መቁጠሪያ መከተሉ ነው። በገና፣ በአስተርእዮ ማርያምና በፋሲካ ምግቡ ተርፎ ማስቀመጫ ይታጣል፤ በዓሉ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽሮው ያልቃል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ለአረጋዊ በአንድ ጊዜ ቅባት የበዛበት ወጥ ማቅረብም ሆድ ማሳመም ነው። ነገሩ የገባቸው ማኅበራት የሳምንቱን ቀናት ተከፋፍለው በየተራ ይገባሉ፤ ለዝክር ካሰቡት ገንዘብም ከፊሉን ለሳሙና፣ ለዳይፐርና ለበርበሬ ያውላሉ። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን እየሰበኩ የሚታጠበውን ሰው ፎቶ አንሥቶ ማሰራጨት ደግሞ ጨርሶ ሊቀር የሚገባው ነገር ነው።

በሸዋ ሮቢትና በኤፍራታ አካባቢ ከተረጂዎቹ መካከል ሙስሊሞችም ስላሉ የሥጋ ነገር ጥንቃቄ ይሻል፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ስለዚህ ሽሮና ምስር ወጥ፣ የጾም ወቅት ባይሆንም እንኳ፣ ሁሉም አብሮ የሚቆርሰው ማዕድ ሲሆኑ፣ ሥጋ በሚቀርብበት በዓል ድስቱም ጭልፋውም መለየት አለበት።