«የመስቀል ወፍ ሆንክ!»፦ ለመሆኑ ወፏ የት ነው የምትከርመው?

«የመስቀል ወፍ ሆንክ» የሚባለው በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ሰው ነው። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል። ለቁልቢ ካልሆነ የማይመጣ የአጎት ልጅ፣ ለበዓል ካልሆነ የማይደውል ጓደኛ፣ እዚያው ሰፈር እየኖረች ሰርግ ወይ ለቅሶ ካልጠራት የማትታይ ጎረቤት፣ ሁሉም ይቺን ይቀምሷታል። ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ «አቦ» ትጨመርባትና ትለሰልሳለች። «አቦ አንቺ ልጅ፣ የመስቀል ወፍ ሆነሽ ቀረሽ እኮ፣ ምነው?»

ቅሬታ አለበት፣ ስድብ ግን አይደለም። «የውሃ ሽታ ሆነ» ከሚለው ጋር አስተያዩት። የውሃ ሽታ የሆነ ሰው ሄዷል፣ ድምፁም የለም፣ የምናማውም በሌለበት ነው። የመስቀል ወፍ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ፊታችን የቆመ ሰው ነው፤ ተስሟል፣ ቁጭ በል ተብሏል፣ ቡናው ሊወቀጥለት ነው። ስለዚህ ወቀሳው ውስጥ የመምጣቱ ደስታ አለ። በምርጫ ሰሞን ብቻ ሰፈር ለሚገባ ሰው ሲነገር ደስታው ይወጣና ወቀሳው ብቻውን ይቀራል።

መነሻው ግልጽ ነው። መስቀል መስከረም 17 ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ያን ቀን ገና ክረምት ነው፤ መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው፣ እስከ ታህሳስ 25 ይዘልቃል። ግን ዝናቡ መሳሳት ጀምሯል፣ ሳሩ ጉልበት ያልፋል፣ ደጋው ላይ አደይ ወጥቷል። በዚህ ሰሞን ነው ሰኔ ላይ ያልነበረ የሚመስል ወፍ በየሳሩና በየማሽላው ጫፍ ቁጭ ብሎ የሚገኘው። አንዱ እሳት የመሰለ ቀይ ከጥቁር ጋር፣ ሌላው ቢጫ ከጥቁር ጋር፣ ሌላው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ጭራው ከገዛ ሰውነቱ የሚረዝም። ስሙ ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሰው በመስቀል ሰሞን ደምቆ ያገኘውን ነው የመስቀል ወፍ የሚለው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይጠፋል። «ሄደ» ተባለ፣ አነጋገሩም ከዚህ ወጣ።

ግን የት ሄደ? የትም አልሄደም! ይሄን ሰው ሁሉ ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ወፉ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። የደመቀው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ሁልጊዜም ቡናማ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሏት፣ ከቤት ድንቢጥ ጋር ብትቀላቀል ለመለየት ዓይን ይፈልጋል። ወንዱም ቢሆን ቀለሙን የሚለብሰው ለመራቢያ ወቅት ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሳር ይረዝማል፣ ጎጆ መሥሪያ ይገኛል፣ ለጫጩት የሚሆን ነፍሳትና ዘር ይበዛል፤ ስለዚህ ወንዱ አሮጌ ላባውን አራግፎ ቀዩን ወይም ቢጫውን ያወጣል። የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ከፍ ያለ አገዳ ጫፍ ላይ ወጥቶ ላባውን ይነፋል፣ ክንፉን እያርገበገበ ከአንዱ ሳር ወደ ሌላው ይበራል፣ ሴት ትምረጠኝ ነው ነገሩ። ጫጩቶቹ ሲወጡና ሳሩ መድረቅ ሲጀምር ያን ልብስ ያወልቀዋል፣ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ከመንጋው ጋር ገብቶ ዘር ይለቅማል። ቡናማ ወፍ ደግሞ ማን ያያል?

ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ መስቀል ራሱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ያሉትን ሳምንታት ማለቴ ነው። ያኔ ልብሱን በግማሽ ያወለቀ ወንድ ታገኛላችሁ። ደረቱ ላይ ቀይ እድፍ የመሰለ ነገር ቀርቶበታል፣ ራሱ ላይ ጥቁሩ ሳስቷል፣ የቀረው ሰውነቱ ቡናማ ነው። አንዴ እሱን ያየ ሰው «ሄደ» የሚባለውን ነገር ከዚያ ወዲያ አያምንም፤ ወፉ ዓይኑ እያየ ነው የተለወጠው።

ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐረር ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር ወይም በፈላና በር በሉት፣ ወጥቶ ወደ እርሻው ጥቂት መራመድ በቂ ነው፤ የማሽላው ራስ ከብዶ ያጎነበሰበት ወቅት ነው፣ ወፎቹም እዚያው ናቸው። ከድሬ የሚመጣ ደግሞ ደንገጎን ወጥቶ እስከ ሐረማያና አወዳይ ድረስ በሚኒባስ መስኮት ይመልከት። የድሬና የሐረር መንገድ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታቸው ግን በ700 ሜትር ገደማ ይለያያል፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ታች ሳሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ላይ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ቀላል ነው፣ ያውም ከባቢሌ የደረሰውን አዲስ ኦቾሎኒ እየበሉ።

ድሬ ውስጥ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለውን ያን ዣንጥላ የመሰለ ዛፍ፣ ከክረምቱ በፊት በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባ ሲያወጣ ሁሉም ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። መፀው ላይ ግን ረዣዥም ጠቋቁር ፍሬዎቹን አንጠልጥሎ ሲቆም ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጥግ።

ባለ ረጅም ጭራውን ወፍ ሳልጠቅስ ብቀር ደስ አይለኝም። ያ ጭራ ከመራቢያው ወቅት በኋላ ይረግፋል። ወፉ ራሱ ትንሽ ነው፣ ከምንቃሩ እስከ ጭራው መነሻ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሴቷ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥልና ጫጩቷን ባለጎጆዋ ታሳድግላታለች። ይሄን ሁሉ የምታደርገው እኛ «በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው» በምንልበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ገበሬው ግን ሌላ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ይሄ ቡናማ መንጋ እንዳልሄደ በደንብ ያውቃል። በተለይ ግሪሳ ከመጣ ቀልድ የለም፤ ግሪሳም የእነዚሁ ዘመድ ነው፣ አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፣ መንጋው ደግሞ ሺህና ሚሊዮን ነው። ስለዚህ «የመስቀል ወፍ» የሚለው አነጋገር ማሽላ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ያወጣው አይመስለኝም። በበዓል ቀን ወደ ሜዳ ወጣ ብሎ ያየ ሰው ንግግር ነው የሚመስለኝ።

አነጋገሩ ተሳስቷልና ይቅር እያልኩ አይደለም። ለአጎት ልጅ በሚገባ ይሠራል፣ እሱ የእውነት ሄዶ ነው የሚመጣው። ለጎረቤት ሲሆን ግን ከወፉ ታሪክ ጋር ይበልጥ ይገጥማል። በሩ ከበራችን የማይርቅ፣ በየቀኑ በባጃጅ አጠገባችን የሚያልፍ፣ የበዓል ልብሱን ሲለብስ ብቻ የምናየው ሰው አለ። እሱን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» ብትሉትና «እኔ እዚሁ ነበርኩ» ቢላችሁ ልክ ነው።

ዘንድሮ ለመፈለግ ካሰባችሁ ማሽላው ከመታጨዱ በፊት፣ ህዳር ሳይጋመስ ውጡ። ጠዋት ይሻላል፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ድንቢጥ የመሰለ መንጋ ስታገኙ አትለፉት፤ ከመካከሉ ደረቱ ላይ ትንሽ ቀይ የቀረችበትን አንዱን ፈልጉ።